የጄኔቫው የድንበር ጥናት

አንዲት በገጠር ወረዳ ነፃ የሕግ ምክር ስትሰጥ የኖረች ሴት ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ከውጭ አገር ከተመለሰ ወዲህ ሻርፑን በግንቦት ሙቀት እንኳ አውልቆ የማያውቀው የፈታኞቹ ሰብሳቢ ከላይ እስከ ታች አያትና፣

«ካንቺ በፊት የገባው ልጅ ፌሎውሺፕ አግኝቶ የገበሬዎቻችንን የድንበር ክርክር ጄኔቫ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ አጥንቷል። አንቺስ የት አጠናሽ?» አላት።

«እዚያው ወረዳዬ፣ ማሳው ላይ።»

«ማሳ ላይ!» ብሎ ሳቀ። «ታዲያ በምን ሞራልሽ ነው ከእሱ ጋር የምትወዳደሪው?»

ሴትዮዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እውነትዎን ነው ዶክተር» አለች። «እኔም ጄኔቫ ሄጄ ባጠናው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ ገበሬዎቹ ከነድንበራቸው ቪዛ ተከልክለው እዚሁ ቀሩብኝ!»