እሾሂት የሰጠችው የዱባ ማሳ

ተረቴ ከሩቅ መጣች፤ እግሯ አቧራ ለብሷል። ጠጋ ጠጋ በሉላት፣ ትቀመጥ። ተቀመጠች? እንግዲያው ጆሯችሁን ወዲህ።

ዱሮ ዱሮ፣ ቁርበት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እሾሂት የምትባል ትንሽ ጃርት ነበረች። ጃርት እንደምታውቁት ሌሊት ሲዞር አድሮ ቀን ይተኛል። እናንተ ጠዋት “ተነሡ” ስትባሉ እሾሂት “ተኚ” ትባላለች። እናንተ ማታ “ተኙ” ስትባሉ እምቢ እንደምትሉት እሷም ጠዋት ጠዋት እምቢ ትላለች።

ያን ቀን ግን ነገሩ ከበድ ያለ ነበር። ሲመሽ እናቷ እመት ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ዱባ ማሳ ልትወስዳት ነው።

“የተኛች ትሄዳለች፤ ያልተኛች ትቀራለች” አለች እመት ጃርት። “እንቅልፍ ያልጠገበ ጃርት ይንገዳገዳል። ሲንገዳገድ እሾሁ ይንኮሻኮሻል። እሾሁ ሲንኮሻኮሽ የማሳው ውሻ ይነቃል። ገባሽ?”

“ገባኝ፣ እማ።”

መግባቱስ ገብቷታል። ግን ዱባ እያሰቡ እንዴት ይተኛል? ዱባውን ባሰበች ቁጥር እሾኋ ቀጥ ይላል። እሾኋ ቀጥ ባለ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠባል።

“ኧረ ወጋሽኝ!” አለች እናቷ።

“እማ፣ ውኃ ጠማኝ።”

“አሁን አይደል እንዴ የጠጣሽው!” አለ ጥግ የተቀመጠው ቅል። “ሆድሽ ከእኔ ሆድ ሊበልጥ ነው!” ቢሆንም አጠጣት። ጠጣች፤ ተኛች፤ እሾኋ ቀጥ!

“ኧረ ወጋሽኝ!”

“እማ፣ የፀሐይ ጮራ ዓይኔ ውስጥ ገባ።”

“እኔ?” አለች ጮራ ከደጃፍ። “እኔ እዚሁ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንገትሽን አስግገሽ የመጣሽብኝ አንቺ!” ቢሆንም እመት ጃርት ተነሥታ በሩን በቅጠል ደፈነችው። ጨለመ፤ እሾሂት ተኛች፤ እሾኋ ቀጥ!

“ኧረ ወጋሽኝ!”

“እማ፣ ጀርባዬን እከኪልኝ።”

“የጃርት ጀርባ ማን ደፍሮ ያካል፣ ልጄ?” ቢሆንም እናት ናትና አከከችላት። መዳፏ ተወጋ። ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ።

“በቃ! እንደፈለግሽ ሁኚ። ማታ ግን ብቻዬን ነው የምሄደው” ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች።

እሾሂት ዓይኗ እንባ ሞላ። መተኛት ፈልጋ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች። በጨመቀችው ቁጥር እንቅልፉ ራቃት።

ከሥሯ የተነጠፈ አሮጌ ቁርበት ነበር። እመት ጃርት ከገበሬ አጥር ላይ፣ ፀሐይ እንዲመታው ከተሰቀለበት፣ ጎትታ ያመጣችው ነው። የእሾሂት እሾህ በስቶ በስቶ ወንፊት አድርጎታል።

“እሾሂት” አለ ቁርበቱ በሹክሹክታ። “እንቆቅልሽ!”

እንቆቅልሽ ደግሞ ነፍሷ ነው። “ምን አውቅልዎ፣ አባባ ቁርበት!”

“ብትጠሪው አይመጣም። ሲመጣ አታዪውም። ከሄደ በኋላ ‘ለካ መጥቶ ነበር’ ትያለሽ።”

“ንፋስ!”

“ንፋስማ ሲመጣ ጆሮሽን ይመታሻል።”

“ሌባ!”

“ሌባዋስ አንቺ ነሽ፤ የሰው ዱባ ልትበይ አይደል የምትሄጂው?”

“እ... ጅብ!”

“ጅብ መጥቶ ከሄደ፣ መምጣቱን ማን ቀርቶ ያወራል? አላወቅሽውም። በይ አገር ስጪኝ!”

እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። እሾሂት ግን ምን አገር ታውቃለች?

“ጉድጓዳችንን ሰጠሁዎ።”

“እሱንማ ይኸው ተነጥፌበታለሁ! ሌላ።”

“እሺ፣ የዱባውን ማሳ ሰጠሁዎ።”

ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። “ኧረ አይሆንም! ይመልሱልኝ!”

“አገር በልመና አይመለስም። መልሱን ካገኘሽ ግን ያንቺው ነው። እስከዚያው ማሳዬን ልጎብኝ።”

“ዱባውን እንዳይነኩ!”

“ካላመንሽኝ ተከተዪኝ። ጋደም በይ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ። ማሳው የሚታየው እንደዚያ ነው።”

እሾሂት ዱባዋን ልትጠብቅ ተጋደመች።

“ዱባ ማሳ ገብቼ፣ ምን አጥቼ...” አለ ቁርበቱ ቀስ ብሎ። “ይኸው አንድ ትልቅ ዱባ። ቅጠሉን ተከናንቧል።”

“በሉት?”

“አልበላሁትም። ተኝቷል፤ ምን ብዬ ልቀስቅሰው? አልፌው ሄድኩ። ቀስ... ቀስ... ይኸው ሌላ ዱባ። ጎኑን ሞቃት አፈር ላይ አሳርፏል።”

“እሱንስ... በሉት?”

“እሱም ተኝቷል። አልፌው ሄድኩ። ቀስ... ቀስ... ይኸው ደግሞ አንድ ትንሽ ዱባ። እናቱን ተደግፏል።”

“እሱን...” አለች እሾሂት። “እሱ...”

እሾኋ አንድ በአንድ ጋደም፣ ጋደም አለ። የእንቆቅልሹን መልስ ያገኘችውም ልክ ያኔ ነው። ግን እንዴት ትናገር? ይህን መልስ ያገኘ ሁሉ መናገር አይችልም።

ጀምበር ስትጠልቅ እሾሂት ብድግ አለች።

“እንቅልፍ! አባባ ቁርበት፣ መልሱ እንቅልፍ ነው! ማሳዬን ይመልሱልኝ!”

“በምን አወቅሽ?”

“ለካ መጥቶ ነበር!”

ቁርበቱ ቀዳዳው ሁሉ እስኪከፈት ሳቀ። “ውሰጂው፤ ያንቺው ነው።”

እመት ጃርትም ልጇ እንቅልፍ መጥገቧን አይታ ይዛት ሄደች። እሾሂትም እሾኋ ሳይንኮሻኮሽ፣ ውሻው ሳይነቃ፣ ሆዷ ከበሮ እስኪሆን ዱባ በላች።

ጎህ ሲቀድ እየሮጠች ተመለሰች። “አባባ ቁርበት! ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። እንቆቅልሽ!”

ቁርበቱ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ እሷን ሲያስተኛ ውሎ፣ አሁን እሱም መልሱን አግኝቶት ነበር።

ልጆች፣ እንቅልፍ ሲያሳድዱት ይሸሻል፤ ጋደም ብሎ ሌላ ማሳ የሚጎበኝን ግን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ተረቴም አቧራዋን አራግፋ ሄደች። በሉ እናንተም እሾሃችሁን እጠፉ።