የአትክልተኛው የሣር ማጨጃ

ኢንጂነር ዘርጋው «ኢንጂነር» ተብለው ካልተጠሩ ዞር ብለው የማያዩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው ተበላሸባቸውና ራሳቸው ፈትተው ሞከሩት። እምቢ ሲላቸው አትክልተኛቸውን ጠርተው «ውሰድና ጣልልኝ» አሉት።

አትክልተኛው በዚያ ሰፊ ግቢ ሣር ላይ ዓመቱን ሙሉ በማጭድ ሲያጎነብስ ወገቡ የተቆረጠ ሰው ነው። ሞተሩን አውጥቶ ጠገነው፤ ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጎማ፣ ከተሰበረ መጋዝ ደግሞ ስለት አበጀለት። ሶኬቱን ቢሰካው ማሽኑ እያጓራ ሣሩን እንደ ጎበዝ ፀጉር አስተካካይ ከረከመው።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። ኢንጂነሩም እንግዶቻቸውን አስከትለው መጡና እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው፣ «ሞተሩ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑም የእኔ ነው። አስረክበኝና ወደ ማጭድህ ተመለስ» አሉት።

አትክልተኛው «ማጭድ» ሲባል ሲሰማ ወገቡን ወጋው። ቢሆንም እጅ ነሥቶ፣ «እውነትዎን ነው ኢንጂነር» አለ። «ሲጥሉት ሬሳ ነበር፤ ሬሳው የእርስዎ ነው። ነፍስ የዘራሁበት ግን እኔ ነኝ። እንግዲያው እኔ ነፍሴን ፈትቼ ልውሰድ፤ እርስዎም ሬሳዎን ይረከቡ።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ኢንጂነሩ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ ቀስ ብለው አነሱና፣ «በል እጨድበት» ብለው ወደ ቤት ገቡ።