ላቀው አጥሚት አማረው

ተረቴ ጥርስ የላትም፤ አትነክስምና ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

ላቀው የሚባል አንድ አራሽ ነበር። መንጋጋ ጥርሱን አሞት አራት ቀን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም። ቆሎ አይቆረጥም፣ እንጀራ አያላምጥም፤ ውሃው እንኳ ጥርሱ ላይ ሲደርስ እስከ ጆሮው ድረስ ያንገበግበው ነበር። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ አልጣሽ ጉንጩን በነጠላ ጠምጥማ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲስተር ምንትዋብ ድዱን በመርፌ አደንዝዛ መንጋጋውን ነቀለችለት። የተነቀለው ጥርስ ሦስት ሥር ነበረው። ላቀው ሲያየው ለራሱ አዘነ።

ሲስተር ምንትዋብ ጥጥ አስነክሳ መከረችው። ደሙ እስኪረጋ ጥጡን አጥብቆ እንዲይዝ፣ እስከ ነገ ትኩስ ነገር እንዳይቀምስ፣ ጠንካራ ነገር እንዳያኝክ፣ አፉንም ከፍቶ እንዳይጮህ ነገረችው። ጥጡ ከወጣ በኋላ ግን ለብ ያለ አጥሚት ቢጠጣ ደህና ነው አለች። ይህን ሲሰማ የላቀው ሆድ ጮኸ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ጣሳ አጥሚት።

ቤት ሲደርሱ አልጣሽ ድስቱን አነሳች። ድስቱ ያለ ዱቄት አልጣድም አለ። የተቆላው አጃ ደግሞ ገና በከረጢት ነው። አጃው ያለ ወፍጮ ዱቄት አልሆንም አለ። አልጣሽ ከረጢቱን አዝላ፣ ላቀው ጉንጩን ይዞ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ።

ባለወፍጮው እንዳላማው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ላቀው ወደ ጉንጩ ጠቆመ፤ ከዚያ ወደ ከረጢቱ፤ ከዚያ ወደ ሆዱ። እንዳላማው ወዲያው ገባው። ጥርስ እሱንም አንድ ክረምት አስለቅሶት ያውቃል።

«ምን ላድርግልህ አያ ላቀው፣ ወፍጮው ያለ ናፍጣ አልዞርም አለ» አለው።

ናፍጣው ከከተማ በጋሪ እንደሚመጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢጠብቀውም እንዳልደረሰ ነገራቸው። እንግዲህ ወፍጮው ያለ ናፍጣ አልዞርም አለ፤ አጃው ያለ ወፍጮ ዱቄት አልሆንም አለ፤ ድስቱ ያለ ዱቄት አልጣድም አለ። ላቀውም አጥሚቱን አላገኘም።

ናፍጣውን ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ ላይ ጠባብ ድልድይ አለ። ከማዶ ባለጋሪው ሸጋው ናፍጣውን በጀሪካን ጭኖ ቆሟል። አህያዋ አራት እግሯን ተክላ፣ በሬው ካልተነሳ አልሻገርም ብላለች። የትኛው በሬ? ድልድዩ መሐል ተኝቶ የሚያመሰኳው በሬ ነዋ። ላቀው ቀረብ ብሎ ሲያይ የገዛ በሬው ቦራ ነው። ጠዋት ጎረቤታቸው ውሃ ሊያጠጣላቸው ወስዶት ነበር። ሲመለስ ድልድዩ ላይ ተኛበት። ጎረቤትየው ጎትቶ ጎትቶ ቢያቅተው ሰው ሊጠራ ሄዷል።

አህያዋ በሬው ካልተነሳ አልሻገርም አለች፤ ናፍጣው ያለ አህያዋ አልመጣም አለ፤ ወፍጮው ያለ ናፍጣ አልዞርም አለ፤ አጃው ያለ ወፍጮ ዱቄት አልሆንም አለ፤ ድስቱ ያለ ዱቄት አልጣድም አለ። ላቀውም አጥሚቱን አላገኘም።

ሸጋው ገለባ አሳይቶ፣ ጅራት ጠምዝዞ፣ ኋላም ለምኖ ታክቶታል። «ይሄ በሬ ነው ወይስ ዳኛ? ተቀምጦ እኮ ነው የሚፈርድብን» አለ። ላቀው እንዳይስቅ ጥጡን ነከሰ።

የቦራን ጠባይ የምታውቀው አልጣሽ ነበረች። ቦራ ከጥጃነቱ ጀምሮ የላቀውን ዘፈን እየሰማ ነው ያደገው። ሲጠመድ ይዘፈንለታል፣ ሲፈታ ይዘፈንለታል። የላቀው ጥርስ ከታመመ ወዲህ ግን ያ ዘፈን ጠፍቶበታል። ስለዚህ በሬው ያለ ዘፈን አልነሳም አለ። ሸጋው ይሄማ ቀላል ነው ብሎ ራሱ ዘፈነ። አህያዋ ጆሮዋን ጣለች፤ ቦራ ዐይኑን ጨፈነ። አልጣሽም ሞከረች። ቦራ እሷን አየት አደረጋትና ማመስኳቱን ቀጠለ።

«አንተም እኮ የላይ የፊት ጥርስ የለህም፤ ለጌታህ ማን ይዘንለት ታዲያ?» አለው ሸጋው።

ላቀው ሊዘፍን ፈለገ። ዘፈኑ አፍ ካልተከፈተ አልወጣም አለ። ከንፈሩን ገና ከፈት ሲያደርግ ግን ምላሱ ላይ የደም ጣዕም መጣ። ደሙ አፍ ካልተዘጋ አልረጋም አለ። አልጣሽ ፈጥና እጇን ከንፈሩ ላይ ጫነች።

«ተው የኔ ጌታ፤ በሬው እስከ ነገ ይተኛ። እኔ አንተ ስትደማ አላይም» አለችው።

ነገ ለሌላው ሰው ቅርብ ነው። አራት ቀን ላልበላ ሰው ግን ሩቅ አገር ነው።

ደሙ አፍ ካልተዘጋ አልረጋም አለ፤ ዘፈኑ አፍ ካልተከፈተ አልወጣም አለ፤ በሬው ያለ ዘፈን አልነሳም አለ፤ አህያዋ በሬው ካልተነሳ አልሻገርም አለች፤ ናፍጣው ያለ አህያዋ አልመጣም አለ፤ ወፍጮው ያለ ናፍጣ አልዞርም አለ፤ አጃው ያለ ወፍጮ ዱቄት አልሆንም አለ፤ ድስቱ ያለ ዱቄት አልጣድም አለ። ላቀውም መቆም አቅቶት ቦራ አጠገብ ቁጭ አለ።

ደህናውን ጉንጩን በበሬው አንገት ላይ አስደገፈ። አንገቱ ይሞቃል። ማደንዘዣው እየለቀቀ ነበርና ሕመሙ ቀስ ብሎ መጣ። ላቀው አፉን እንደዘጋ «እምምም» ብሎ አቃሰተ።

የቦራ ጆሮ ቀና አለ።

ላቀው አየው። እንደገና አቃሰተ፤ አሁን ግን ማቃሰቱን ወደ ዜማው ጠጋ አደረገው። ከንፈሩ አልተከፈተም። ጥጡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዘፈኑ በአፍንጫው በኩል ወጣ፤ ቃል የለውም፣ ዜማው ግን ያው የጥንቱ ነው። ቦራ ማመስኳቱን ተወ። መጀመሪያ ኋላውን አነሳ፣ ቀጥሎ ፊቱን አነሳ፣ ከዚያም ጌታውን ተከትሎ ቀስ እያለ ከድልድዩ ወረደ።

በሬው ተነሳ፣ አህያዋ ተሻገረች፣ ናፍጣው ደረሰ፣ ወፍጮው ዞረ። እንዳላማው ከሁሉ አስቀድሞ የላቀውን ፈጨለት። አጃው ዱቄት ሆነ፣ ድስቱ ተጣደ፣ አጥሚቱ ተንተከተከ። አፉም ተዘግቶ ስለቆየ ደሙ ረጋ፣ ጥጡም ወጣ።

አጥሚቱ ግን ትኩስ ነው። አልጣሽ ከጣሳ ወደ ጣሳ እየገለበጠች አበረደችው። ላቀው ዐይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ለብ ሲል ሰጠችው። በደህናው ጎን አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ፤ ሲወርድ እስከ እግሩ ጣት ተሰማው። ሊደግም ጣሳውን ሲያነሳ ሚስቱን አያት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ ገርጥቷል። መሶቡ ለአራት ቀን እንዳልተከፈተ ያኔ ገባው። እሱ እያቃሰተ እሷ ብቻዋን መብላት አልሆነላትም ነበር።

ላቀው ጥጡ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። ጉንጩ ስላበጠ ቃሉ ኮልተፍ ብሎ ወጣ።

«አንቺስ?»

ጣሳውን እጇ ላይ አስያዛትና እስክትጠጣ ጠበቃት። ከዚያ እየተቀባበሉ ጨረሱት።

በማግስቱ ላቀው በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። እስከዚያው ሁለቱም በአጥሚት ከረሙ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በለብ ያለ አጥሚት አብሱ።