አልቃሿና ተጋባዡ ተመራማሪ

ዶክተር ልሳነወርቅ የዲጂታል ታሪክ ተጋባዥ ተመራማሪ ሆኖ ወደ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ መጣ። ሥራው የድሮ ቴፖችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር፤ እሱ ግን የገለበጠውን ሁሉ «የእኔ ስብስብ» እያለ ስሙን ይለጥፍበት ጀመር።

ከቴፖቹ በአንዱ ላይ አንዲት አልቃሽ በወጣትነቷ ለገዛ እህቷ ያወረደችው ሙሾ ተቀርጾ ነበር። አልቃሿ አርጅታ በሕይወት አለች። ሙሾው መገኘቱን ስትሰማ፣ የእህቷ ልጆች እንዲያዳምጡት ቅጂ ልትለምን ዶክተሩ ሥራውን በሚያስመርቅበት ቀን መጣች።

ዶክተሩ በእንግዶቹ ፊት ደረቱን ነፋ። «ይህ ድምፅ እኮ አሁን የእኔ ነው። እኔ ባልደርስለት ኖሮ በስብሶ ይቀር ነበር» አላት።

«ታዲያ የሞተችውም የእርስዎ እህት ነበረች?» አለችው።

ሰዉ ሲስቅ ዶክተሩ ተናደደ። ምረቃውን የሚቀርጸውን ካሜራ ወደ እሷ አስዞረና፣ «ቅጂውን ከፈለግሽ እዚሁ ቆመሽ በግጥም አወድሺኝ፤ አለዚያ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ!» ብሎ አዘዛት።

አሮጊቷ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች።

«እሺ ጌታው፣ አወድስዎታለሁ። ግን እኔ አልቃሽ ነኝ፤ ሰው የማወድሰው ከሞተ በኋላ ነው። እርስዎ ብቻ ይቅደሙልኝ እንጂ ግጥሙስ አይጠፋም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የጣቢያው ኃላፊ ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቅጂውን በእጇ አስያዛት። ዶክተሩ ግን፣ «ይህ ስድብ ነው! ስለ እኔ የሚባል በጎ ነገር ጠፍቶ ነው?» እያለ ጮኸ።

«አይስጉ ጌታው» አለች ከበሩ ላይ ዞር ብላ። «ደግነት ያልነበረውን ሰው ደግ አድርጎ መቅበር የእኛ ሥራ ነው።»