ሐረጎ ላይ ትንፋሽ ያጠራት መኪና

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚያዳምጥ ሁሉ የተረቱን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት እየያዘ ከእኔ ጋር ይቁጠር።

በኮምቦልቻ ከተማ ኅሩይ የሚባል መካኒክ ነበረ። የሚመኘው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አራት ጎረምሳ አንሥቶ የሚያዞራት ቀላል መኪናው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳትቆም እንድትወጣለት። የራሷ ሞተር ከሞተ ቆይቷል። ኅሩይ ከተገለበጠ ሚኒባስ ያወጣውን ሞተር ቆርጦና ቀጥሎ አገባላት፤ ሰባት ዓመትም ደከመባት። ነገር ግን ዳገቱ ከፍ፣ አየሩ ሳሳ ሲል ሞተሩ እየሳለ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ቀጥ ይላል።

ባለቤቱ ወይዘሮ ስኂን ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ፣ «አንተ ሰው፣ ወይ እርሷ ዳገቱን ትውጣ፣ ወይ እኔ ከቤትህ ልውጣ» አለችው። እርሱም ደሙ ፈልቶ፣ «እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልወጣች ቁራሌው እንደ አሮጌ ብረት ይውሰዳት!» ብሎ ማለ። ለበዓሉ የቀረው ሦስት ቀን ነበረ።

ኅሩይ አየር መጭመቂያ ፈልጎ አገኘ፤ መካኒኮች ሱፐርቻርጀር ይሉታል። አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚነፋ፣ የበግ ግልገል የሚያህል ብረት ነው። ያንን ታቅፎ መኪናይቱ ፊት ቆመ።

«ዳገቱን ውጪልኝ» አላት።

«ትንፋሽ ሳይሰጠኝ አልወጣም» አለች መኪናይቱ።

«ትንፋሽ ስጣት፤ ዳገት አልወጣ ብላለች» አለው መጭመቂያውን።

«ቺንጋ የሚሉት የጎማ ቀበቶ ሳያዞረኝ አልሰጥም» አለ መጭመቂያው።

«አዙረው፤ መጭመቂያው ትንፋሽ አልሰጥ ብሏል፤ መኪናይቱ ዳገት አልወጣ ብላለች» አለው ቺንጋውን።

«የምዞርበት መንኮራኩር፣ ፑሊው፣ ጠማማ ነው፤ ሳይቃና ብዞርበት እበጠሳለሁ። አላዞርም» አለ ቺንጋው።

ኅሩይ መጭመቂያውን እንደ ታቀፈ ብረት ወደሚቀረጽበት ወደ ቶርኖ ቤቱ ባለቤት ወደ አቶ ደምመላሽ ሄደ። «ጋሼ፣ ፑሊውን አቃናልኝ፤ ቺንጋው አላዞር ብሏል፤ መጭመቂያው ትንፋሽ አልሰጥ ብሏል፤ መኪናይቱ ዳገት አልወጣ ብላለች» አለ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ይህን ብረት እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፈህ ከተማውን ስትዞር አታፍርም? ስማኝ፤ መጭመቂያው የሚቀመጥበት መደገፊያ ሳይበየድ ልኩን ከየት አመጣለሁ? ያለ ልክ አልቀርጽም። መደገፊያህ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም የሚበይደውን ሰው ታውቀዋለህ።»

ኅሩይ ያውቀዋል። በከተማው አሉሚኒየም ሳያቀልጥ የሚበይድ ግርማጽዮን ብቻ ነው። ግርማጽዮን ደግሞ የመኪናይቱን ወለል ሲበይድ ቀዳዳ ካወጣበት ቀን ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ ከኅሩይ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠም።

በማግሥቱ ወደ በያጁ ሄደ። «ግርማጽዮን ወንድሜ፣ መደገፊያውን በይድልኝ፤ ቶርኖው ፑሊውን አላቃና ብሏል፤ ቺንጋው አላዞር ብሏል፤ መጭመቂያው ትንፋሽ አልሰጥ ብሏል፤ መኪናይቱ ዳገት አልወጣ ብላለች።»

«ወንድምነቱ ዛሬ ነው የመጣው?» አለ በያጁ። «አልበይድም። ግዝት አለብኝ።»

«ማን ገዘተህ?»

«የገዘተኝ ሰው ከረሳው አስታዋሹ እኔ አይደለሁም። የንስሐ አባቴን አባ ኃይለ ልዑልን ጠይቃቸው።» ይህን ብሎ የብየዳ መከለያውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ኅሩይ በቤቱ በር ሲያልፍ ቁራሌው ሚዛኑን አጥሩ ላይ አስደግፎ መኪናይቱን በዓይኑ ይለካ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ ልውሰዳት ወይስ ለበዓሉ ማግሥት ትቆይ?» አለው። ኅሩይ ወደ መኪናይቱ ዞረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእጁ ያልተለየችው መኪና፣ ሊዘገን እንደ ቀረበ ጥሬ መስላ ታየችው። መጭመቂያውን ትከሻው ላይ አድርጎ እያዘገመ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

«አባቴ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ፤ በያጁ መደገፊያውን አልበይድ ብሏል፤ ቶርኖው ፑሊውን አላቃና ብሏል፤ ቺንጋው አላዞር ብሏል፤ መጭመቂያው ትንፋሽ አልሰጥ ብሏል፤ መኪናይቱ ዳገት አልወጣ ብላለች። እኔም ልቤ ሞተብኝ።»

አባ ኃይለ ልዑል ቀና ብለው አዩት። «እኔ ያላሰርሁትን እኔ አልፈታም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን አሰረው?»

«አንተ። ወለሉ የተበሳ ዕለት ‹በሚካኤል ገዝቼሃለሁ፤ ዳግመኛ የዚችን መኪና ብረት እንዳትነካ!› ብለህ ጮኸህበት የለም? አንተ ጮኸህ ረሳኸው። እርሱ ግን የሊቀ መላእክቱን ስም ፈርቶ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል።»

ኅሩይ ከቅጽሩ ሥር ተቀመጠ። ቃሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው። ለካ ደጅ ለደጅ ሲለምን፣ ብረቱንም ሰውንም ሲወቅስ፣ የገዛ አፉ የዘጋውን በር ሲያንኳኳ ኖሯል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ለመኪናይቱ ብቻ አልነበረም።

አባ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ኅሩይም ተከተላቸው። ከበያጁ ደጅ ሲደርስ ይቅርታ ጠያቂ የሚሸከመውን ድንጋይ አልፈለገም፤ መጭመቂያውን አንገቱ ላይ ጭኖ ተንበረከከ።

«ወለሉን የበሳው እጅህ አይደለም። ዝገቱ ሳይጠረግ ‹ቶሎ በይድ› እያልሁ ያጣደፍሁህ እኔ ነኝ። ስለ ሚካኤል ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ድንጋይ አጥተህ ነው?» አለ ግርማጽዮን፤ መከለያውን ግን ከፊቱ አነሣ። «በል አውርደው፤ አንገትህን ቢሰብረው እርሱን መበየድ አልችልም።»

አባም «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ፤ በመስቀላቸውም ሁለቱንም አሳለሙ።

ያን ጊዜ ግዝቱ ተፈታ፤ ግዝቱ ቢፈታ በያጁ በየደ፤ በያጁ ቢበይድ ቶርኖው ፑሊውን አቃና፤ ፑሊው ቢቃና ቺንጋው አዞረ፤ ቺንጋው ቢያዞር መጭመቂያው ትንፋሽ ሰጠ፤ መጭመቂያው ትንፋሽ ቢሰጥ፣ የበዓሉ ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መኪናይቱ ሐረጎን እያፏጨች ወጣች። ሰባተኛውን መታጠፊያ አልፋ እንኳ አልሳለችም።

ከላይ ሲደርሱ ኅሩይ ሞተሩን አጠፋ። አጠገቡ የተቀመጠው ግርማጽዮን ወደ እግሩ አጎነበሰ፤ በወለሉ ቀዳዳ የሐረጎ አስፋልት ይታያል።

«ከበዓሉ በኋላ ይህችን እደፍንልሃለሁ» አለው።

«ተዋት» አለ ኅሩይ። «አፌን ልከፍት ስል እርሷን አያታለሁ።»

ቀለበቱ እዚህ ገጠመ፤ ለእናንተ ያቀበልሁትን ተረት እናንተም ለሚቀጥለው አቀብሉ።