የእመት አህዪት ጎማ የተነፈሰ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ በጀርባዋ መሸከም የሰለቻት አንዲት አህያ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛች። ከዚያ ወዲያ እህሉን ከኋላ ጭና፣ እሷ መሪ ጨብጣ፣ እያንጎራጎረች ገበያ ትሄድ ጀመር። ረዳቷ ቀበሮ ነበረች።

እመት አህዪት ጎማዎቿን የምትፈትሸው በራሷ ዘዴ ነው፤ ጀርባዋን ታዞርና በኋላ እግሯ አንድ አንድ ርግጫ ታቀምሳቸዋለች። «ድም» ካሉ ይበቃታል።

ቀበሮ ግን ከወንበሩ ሥር አንዲት ትንሽ የጎማ መንፊያ ነበረቻት። ገመዷ መኪናው ላይ ይሰካል፤ ቱቦዋ ጎማው ላይ ይገጠማል፤ የአየሩም ልክ በቁጥር ይበራባታል።

«እመት አህዪት፣ ጎማው ሳይሞቅ እንለካው እንጂ» አለቻት አንድ ጠዋት። «የኋላው ግራ የላላ ይመስለኛል።»

«ረግጬዋለሁ፣ ‹ድም› ብሏል! ርግጫ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?» ብላ ሳቀችባት አህያ። «ይልቅ ግቢ፣ ገበያው ረፈደብን!»

መንገዱ በአንድ ሸለቆ ያልፋል፤ በሸለቆው ውስጥ ጅብ ይኖራል። መኪናዋ ሽቅብ ስትል ወደ ግራ ትጎትት ጀመር። ከጅቡ ዋሻ ፊት ለፊት ስትደርስ ጎማው ጨርሶ ተነፈሰና መኪናዋ ቀጥ አለች። ሁለቱ ወርደው ሲያዩ ጅቡ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ።

«እሰይ! ምሳዬ በመኪና መጣልኝ!»

አህያ ወደ መኪናው ተለጠፈች። ቀበሮ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ? መቼም ይህችን ከሲታ እንዲህ እንዳለች አይበሏትም!»

«ምን ከልክሎኝ?»

«አጥንቷን አያዩትም? እኔ የከሳ የማወፍርበት መሣሪያ አለኝ። ካላመኑኝ በዚህ በከሳው ጎማ ላሳይዎት።»

መንፊያዋን ከወንበሩ ሥር አውጥታ፣ ገመዱን ሰክታ፣ ቱቦውን ገጥማ ቁልፉን ተጫነች። መንፊያዋ «ጥርርር» አለች። ጎማው ቀስ በቀስ ቀና፣ ሞላ፣ ድንቡሽቡሽ አለ። ጅቡ አፉን ከፈተ።

«ወይ ጉድ! ወፈረ እኮ! ጨምሪበት!»

«ኧረ ልኩ ይኸው ነው» አለች ቀበሮ፣ ቁጥሩን አይታ ቱቦውን እየነቀለች። «ካለፈ ይፈነዳል።»

«በይ አሁን አህያዋን! ጭኗን እንዳትረሺ!»

የአህያ ዓይን ፈጠጠ። «ቀበሮ፣ ምን ልታደርጊኝ…»

«ዝም በይ፣ ያምርብሻል!» ብላ ጠቀሰቻት ቀበሮ። ወደ ጅቡም ዞራ፣ «ችግሩ ምን መሰለዎት፣ መሣሪያው ጉልበቱን የሚያገኘው ከመኪናው ነው። አህያ የሚያህል ነገር ለመንፋት ሞተሩ መነሣት አለበት። ማስነሣት የምትችል ደግሞ እሷ ብቻ ናት» አለችው።

«ታዲያ ምን ይገትራታል? ግቢ እንጂ አንቺ!» ብሎ ጅቡ ራሱ በሩን ከፈተላት።

አህያ ዘላ ገባች። ቀበሮም መንፊያዋን አቅፋ በወዲያኛው በር ገባች። ሞተሩ ተነሣ።

«አያ ጅቦ፣ ስትወፍር እንዳትገፋዎት ትንሽ ራቅ ይበሉ!»

ጅቡ ትንሽ ራቅ አለ። ምን ያህል እንደምትወፍር ሲያስበው ደስ አለውና ጥቂት እርምጃ ጨምሮ ራቀ። ያኔ መኪናዋ ተፈተለከች።

«ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እንለካለን» አለች አህያ መሪዋን አጥብቃ ይዛ።

«ርግጫውስ?»

«ርግጫው ለአያ ጅቦ ይቀመጥ!»

እስከ ገበያው ድረስ ሲስቁ ሄዱ። ጅቡ ግን ከኋላቸው የተነሣውን አቧራ ቆሞ ያያል። አቧራው አበጠ፣ ሰፋ፣ ሸለቆውን ሞላው። አህያዋ መሰለችውና በደስታ እየዘለለ ጮኸ፦

«በቃኝ! በቃኝ! ከዚህ በላይማ አልጨርሳትም!»

ከዚህ የምንማረው፣ ጎማውን ከቤቱ ሳይወጣ ለክቶ የሚነሣ መንገደኛ፣ በጅብ ደጅ ቆሞ ብልሃት ከመፈለግ እንደሚድን ነው።