ጡት የጣለችው ሞተር

አንድ ቀን፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የአያ ይርዳው ሞተር አቀበት መሃል ላይ ደርቃ ቀረች። የሚነዳት ሽባባው የሚባል ገበሬ ነበር። ከኋላው አንድ ጆንያ ማዳበሪያ አስሮ ሲወጣ መጀመሪያ ጉልበት አጣች፤ ቀጥላ እንደ ታነቀች ፍየል ሲጢጥ አለችና የኋላ ጎማዋ ተቆልፎ ቆመ። ሽባባው ወርዶ የማስነሻውን ፔዳል ቢረግጠው አለት የረገጠ ያህል ነው። እጁን ወደ ሞተሩ ቢያስጠጋ እንደ ፍም ይፋጃል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያሰበው ሞተሯን አልነበረም። ያሰበው ዳልቻን ነው። ዳልቻ ብቸኛ በሬው ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ይርዳው በዚያ አገር ከብቱም እህሉም የሞላለት ሰው ነው። እጁ ግን የታሰረ ነው። አንበጣ ከማሳው ተነሥቶ ቢበር የበላኸውን መልስ ብሎ የሚከተል ነው ይሉታል። ለመስቀል ሰሞን ከከተማ አንዲት አሮጌ ሞተር ገዝቶ መጣ። መንደሩ መኪና የማይወጣው ዳገትና ኮረት ስለሆነ፣ ሰውም ዕቃም ከገበያ የሚያወጣ ሞተር ያስፈልግ ነበርና መግዛቱን ማንም አልነቀፈም። ሞተሯ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጣት ዓይነት ናት፤ ባለ ሁለት ምት የሚሏት። የፒስተኗ ዘይት ለብቻው አይቀመጥም። ከቤንዚኑ ጋር ይገባል፣ ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ አብሮም ይቃጠላል። ስለዚህ ትጨሳለች። ዘይት የጠጣች እንደሆነ ሳትጨስ አትውልም።

አያ ይርዳው ራሱ መንዳት አይችልም። ለሽባባው ሰጠውና እንደ ርቢ ከብት ተዋዋሉ፦ ሞተሯ የይርዳው፣ ድካሙ የሽባባው፣ የምታመጣው እኩል። በሽባባው ጥፋት ከሞተች ዳልቻ ወደ ይርዳው በረት ይገባል። የሰው ከብት የሚያረባ ሰው፣ ከብቱ በእጁ ቢሞት ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ ማሳየት አለበት። ቆዳ ይናገራል። አውሬ በልቶት እንደሆነ፣ ተርቦ እንደሆነ፣ በዱላ ሞቶ እንደሆነ ቆዳው ላይ ይታያል። ለሞተሯም ይኸው ሕግ ይሁን ተባባሉ።

ሽባባው ማለዳ ማለዳ ሞተሯን ሳያይ አይነሣም። የአየር ማጣሪያዋን ስፖንጅ አውጥቶ አቧራውን በሳሙና ያጥባል፣ ጥላ ላይ ያደርቃል። ሰንሰለቷን በጣቱ አንሥቶ ላልታ እንደሆነ ይለካል። ብሎኖቹን በቁልፍ ይነካካል፤ ኮረት ብሎን ያላላልና። በመጨረሻ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላዋን ይፈታና ጫፉን ወደ ፀሐይ ያዞራል። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው። ሐኪም ምላስህን አውጣ ብሎ በሽታህን እንደሚያውቅ፣ ሽባባውም የሞተሯን ጤና ከዚያ ያያል። ቡናማ ከሆነ ደኅና አድራለች ይላል።

ቤንዚኑ ላይ ግን ሥልጣን አልነበረውም። የታንከሯ ክዳን ቁልፍ አለው። ቁልፉ ያለው አያ ይርዳው አንገት ላይ ነው፤ ከማተቡ ጋር በአንድ ክር። ቤንዚንና ዘይቱን ጓዳ ገብቶ ራሱ ይቀላቅላል፣ ራሱ ከፍቶ ይሞላል፣ ራሱ ይቆልፋል። ነጂ ቤንዚን ካየ ይጠጣል ብሎ ያምናል።

በመጀመሪያው ሰሞን ዘይቱን መካኒኩ እንደነገረው ይሰጣት ነበር። ሞተሯም ትጨስ ነበር። ሰፈሩ፣ ይርዳው እርጥብ ኩበት አንድዶ ለቀቀብን እያለ ሳቀበት። እሱን ያንገበገበው ግን ሳቁ አልነበረም። አንድ ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ ጭሷ እስኪበተን ድረስ በዓይኑ ሸኘውና ሽባባውን ጠራው።

«ጭስ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ታውቃለህ?» አለው።

«ኧረ አላውቅም፣ አያ።»

«እኔም እስከ ዘንድሮ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሞተሯን ጡት ማስጣል ጀመረ። በጣሳ የነበረው ዘይት በስኒ ሆነ። በስኒ የነበረው በቆርኪ ሆነ። ሽባባው ካንዴላው ከቀን ወደ ቀን እየነጣ መምጣቱን አየና ፈትቶ ይዞለት ሄደ። ዘይት አንሷታል፣ ፒስተኗ ደርቆ ይነክሳል፣ ይጣበቃል፣ ከነከሰ ደግሞ መድኃኒት የለውም አለው። አያ ይርዳው ካንዴላውን አገላብጦ አየና፣ ነጭ ከሆነማ ንጹሕ ነው፣ ምን ያስለቅስሃል ብሎ መለሰለት። ሽባባው ሌላ ጊዜም ለመነ። ያን ጊዜ አያ ይርዳው እንደ መቈጣት አለ።

«ጥጃ ጡት ሲያስጥሏት አትጮኽም? ትጮኻለች። ኋላ ሣሩን ትለምዳለች። አንተ ከብት አርብተህ አታውቅም እንዴ? ዝም ብለህ ንዳ።»

ፋሲካ ሲደርስ ቆርኪውም ቀረ። ጭሱም አብሮ ቀረ። አያ ይርዳው ለምን እንደቀረ ለማንም አልተናገረም፤ መቅረቱን ግን ያልነገረው ሰው የለም። በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው ቤት ሳይቀር፣ የቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ሞተር ያለፈበት ነጠላ ይጠቁራል፣ የኔ ሞተር ያለፈበት ግን ተልባ ቢሰጣ አይበላሽም ይል ነበር። ሽባባው ሞተሯን ልመልስ ብሎ አሰበ። ከመለሰ ግን ማዳበሪያውን የሚያወጣበት አጥቶ የዘር ጊዜ ሊያልፍበት ነው። ቀስ ብሎ በመንዳት፣ ዳገቱ ላይ ወርዶ በመግፋት እስከ ግንቦት አቆያት። ግንቦት ላይ፣ ማዳበሪያውን እንደተሸከመች፣ እንዳልነው ደርቃ ቀረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። መሃል ላይ ቄስ እንዳላማው አሉ። ሰውም ነገር ሊሰማ ዙሪያውን ቆሟል። አያ ይርዳው የሚስቱን ወንድም ታደገን አስከትሎ መጣ። ታደገ ይርዳው ሲስቅ የሚስቅ፣ ይርዳው ሲያዝን የሚያዝን ሰው ነው። ዳልቻ ከዋርካው ማዶ ታስሮ ይግጥ ነበር። አያ ይርዳው ገና ሳይቀመጥ ወደ በሬው ሄደ፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ ጎኑንም መታ መታ አደረገው።

ክሱ አጭር ነበር። ሞተሬን ደኅና አድርጌ ሰጠሁት፣ በጥድፊያ ጋልቦ ገደላት፣ በሬው ይሰጠኝ ነው ያለው አያ ይርዳው።

ቄስ እንዳላማው ወደ ሽባባው ዞሩና፣ «ቆዳውን አሳይ» አሉት።

ሽባባው ከጋቢው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፊታቸው ፈታው። ፒስተኑ ነው። ጎኑ ድመት የቧጨረው ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥሮ ደርቋል። ቄሱ በጣታቸው ዳበሱት፤ ጣታቸው ላይ የቅባት ምልክት እንኳ አልቀረም። ሽባባው፣ ይህች ሞተር የሞተችው በዘይት ረኃብ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ ዘይት አልቀመሰችም አለ። ሰው አጉረመረመ።

አያ ይርዳው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አደረገና ከአንገቱ ክሩን መዘዘ።

«አባ፣ ቁልፉ ይኸውልዎ። ከኔ በቀር ያችን ታንከር የከፈተ ሰው የለም፤ ይኸም ይመስክር» ብሎ ወደ ሽባባው ጠቆመ። ሽባባው እውነት ነው አለ። «እንግዲህ ዘይቱን በዚህ እጄ እየቀላቀልሁ፣ በዚህ እጄ እያፈሰስሁ፣ እናት ልጇን እንደምታጠባ ነው ያጠባኋት። ካላመናችሁኝ ማተቤን ይዤ እምላለሁ።»

ማተቡን ሲጨብጥ ቁልፉም አብሮ እጁ ገባ። ታደገ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጓዳ ውስጥ የተቀላቀለውን ያየ ምስክር የለም፤ ምስክር ከሌለ ያለው መሐላ ነው፤ ይርዳው ከማለ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ቄስ እንዳላማው ሊያስምሉት መስቀላቸውን አነሡ። ሽባባው ወደ ዳልቻ አየ። በሬው ቀና ብሎ እያመሰኳ ያየው ነበር።

«አባ» አለ ሽባባው፣ «መሐላ ከባድ ነው። አያ ይርዳው ነፍሳቸውን ከማስያዛቸው በፊት አንዲት ቀላል ነገር ልጠይቃቸው ይፈቀድልኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው ጠይቅ አሉት።

ሽባባው አንገቱን ደፋ፣ እንደ ማፈርም አለ። «ነገሩ ደስ አይልም፣ አያ። እኔ አላልሁም። ሰው ግን ያማዎታል። የይርዳው ሞተር ከሐኪሙ ሞተር ብሳ ትጨሳለች፣ እየዞረ የማትጨስ ነች የሚለው ለወሬ ነው ይሉዎታል።»

አያ ይርዳው መሐላውን ረሳው። ማተቡን ለቀቀና ብድግ አለ።

«ማነው ያለ? ይምጣና ፊቴ ይበለው። ከፋሲካ ወዲህ ከዚያች ሞተር አንዲት ክር ጭስ የወጣች እንደሆነ እኔ ይርዳው አይደለሁም። የኔን ሞተር ከዚያ የከሰል ጉድጓድ ጋር? ታደገ፣ ተናገር እንጂ። ከኋላዋ ስትሄድ ጭስ አይተሃል?»

ታደገ ተነሣና፣ ከኋላዋ ስሄድ እንኳን ጭስ ሽታም የለ፣ እንደውም ነፋሷ ደስ ይላል ብሎ መሰከረ። ዙሪያውን የቆመውም ሰው፣ ይኸስ እውነት ነው፣ ስታልፍ ዓይናችንን አቅልታብን አታውቅም አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ጎረቤት የሆነች አንዲት ባልቴትማ፣ ምነው የኛውም እንደሷ በሆነ ብላ ተመኘች። አያ ይርዳው በኩራት ተቀመጠ። ጋቢውን አስተካክሎም ሽባባውን ከላይ ወደ ታች አየው።

ሽባባው ፒስተኑን ከመሬት አነሣና በጨርቁ መልሶ እየጠቀለለ፣ ድምፁን ሳያነሣ ጠየቀ።

«እንግዲያው አያ፣ ዘይቱን ካፈሰሱት ጭሱን የት አስቀመጡት?»

መጀመሪያ ባልቴቷ ሳቀች፤ ቀጥሎ ከዳር የቆመው ሁሉ። አያ ይርዳው ወደ ታደገ ዞረ። ታደገ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ሲገባው ግን ደረቱን ይዞ ሳል ጀመረ። ሲያስል ሲያስል፣ በሳሉ መሃል፣ ለካ ይኸ ሳል ከዚያች ሞተር ጭስ ነው የያዘኝ ማለት አመጣ።

ቄስ እንዳላማው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ ታደገ» አሉ፣ «አሁን ነፋሷ ደስ ይላል ስትለን ደኅና አልነበርህም? ተቀመጥ፣ ሳትታመም።»

ፍርዱ ብዙ ንግግር አልፈለገም። ዳልቻ ከሽባባው በረት ይደር። ፒስተኑን አያ ይርዳው ያስለውጥ። ቁልፉ ከማተቡ ይውረድና ለሽባባው ይሰጥ፤ ማተብና የታንከር ቁልፍ በአንድ ክር መሆናቸውም አያምርም አሉ ቄሱ። አያ ይርዳው ክሩን ፈትቶ ቁልፉን ሰጠ። ሽባባውም በሬውን ፈትቶ እየነዳ ሄደ፤ በማግሥቱ ከጎረቤት በሬ ጋር ጠምዶ አርሶ ዘሩን ከነማዳበሪያው ዘራ።

ሞተሯ ተሠርታ ከከተማ የተመለሰች ዕለት፣ ሽባባው ዘይቱን እንደ ደንቡ ቀላቅሎ ሞልቶ ሲያስነሣት የአያ ይርዳው ደጅ በጭስ ተሸፈነ። ዶሮዎቹ ሸሹ። የአያ ይርዳው ሚስት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወደ ቤት ገባች፣ ታደገም እውነተኛ ሳል እያሳለ ተከተላት። አያ ይርዳው ብቻ ጭሱ መሃል ቆሞ ቀረ። አፍንጫውን አልያዘም። እንደውም ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይስብ ነበር።

ሽባባው ደንግጦ ሞተሯን አጠፋና፣ «አያ፣ ያምዎታል እኮ፤ ከዚያ ቢወጡ ምናለ?» አለው።

«ተወኝ» አለ አያ ይርዳው፣ «የገዛሁት ነው።»